ከኮምፒውተሩ ስር ያገኘሁት ሪፖርት

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ግምገማ ነው። ቆይ፣ ገጹን አትግለጡት! እኔ የምለው ሰው ከስብሰባ መሐል ተነስቶ «ድክመቴን እቀበላለሁ» የሚልበትን ግምገማ አይደለም። አንድ ፕሮግራም ከተሠራ በኋላ «ያሰብነው ለውጥ መጣ ወይስ ገንዘቡና ጊዜው ባከነ?» ተብሎ የሚጠናውን ነው። ኤች አይ ቪን ለመከላከል በተሠራው ሥራ ሁሉ እንዲህ ያሉ ጥናቶች ብዙ ናቸው። ጥያቄው ከተጠኑ በኋላ ምን ይሆናሉ የሚለው ነው። እኔ የአንዱን መጨረሻ በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በ1999 ዓ.ም. የአንዲት አነስተኛ ከተማ የፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነበርኩ። በከተማችን የወጣቶች ማዕከል የሚሰጠው የምክርና ምርመራ አገልግሎት እንዲገመገም ተወሰነና እኛ የክበቡ ልጆች መረጃ ሰብሳቢ ሆነን ተመለመልን። መጠይቅ በክንዳችን ስር ይዘን ቤት ለቤት ዞርን። ውሻ ያባረረን ቀን አለ፣ ቡና አፍልተው የተቀበሉን እናቶችም አሉ።

ያገኘነው ነገር ግልጽ ነበር። ሴቶች ልጆች ወደ ማዕከሉ አይመጡም። ለምን? የምርመራው ክፍል በር ያለው በፑል መጫወቻው በኩል ነው። ልጅቷ ወደ ክፍሉ ለመግባት ዱላ ይዘው በቆሙ ወንዶች መሐል ማለፍ አለባት። በማግስቱ ወሬው ገበያ ይደርሳል። ደግሞ አገልግሎቱ የሚሰጠው ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ነው። ያ ሰዓት ለወንዱ የመዝናኛ ሰዓት ነው፤ ለሴቷ ውኃ የሚቀዳበትና ራት የሚሠራበት። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ አለችኝ፦ «መመርመር እፈልጋለሁ፤ የምፈራው ነገር አለ። ግን በዚያ በር ከማልፍ ሳላውቀው ብኖር ይሻለኛል።» ይህን ስጽፍ እጄ ትንሽ ተንቀጥቅጦ ነበር። እውነቴን ነው።

ሪፖርቱ ተጻፈ። በእንግሊዝኛ። ቀለም ባለው ሽፋን ተጠርዞ፣ በሠንጠረዥ ተሞልቶ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሻይ ቡና እየተባለ ለባለድርሻ አካላት ቀረበ። ተጨበጨበ። ወደ ሰባት ወር ገደማ ቆይቼ የድጋፍ ደብዳቤ ለማጻፍ ወደ አንድ ቢሮ ጎራ አልኩ። ኃላፊው ኮምፒውተር ላይ ነበሩ። የኮምፒውተሩ ስክሪን ከፍ እንዲል ከስሩ የተደራረቡ ጥራዞች ተቀምጠዋል። ከላይ ያለው ሽፋን የማውቀው ቀለም ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእኛ ሪፖርት ነው» አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩት። «አዎ፤ ጥሩ ሪፖርት ነው» አሉኝ። «ወፍራም ነው።»

እየሳቅኩ ወጣሁ። ደጅ ስደርስ ግን ያቺ ልጅ ትዝ አለችኝና ሳቁ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ይከተለኛል፦ የጥናት ግኝት ከኮምፒውተር ስር ወጥቶ ውሳኔ የሚሆነው እንዴት ነው? መልሱን ፍለጋ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ።

አርባ ደቂቃ ያሸነፈው ሥልጠና

ከጎረቤታችን ከኬንያ ልጀምር። በምዕራብ ኬንያ በ328 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አንድ ትልቅ ጥናት ተካሂዷል። ካጠኑት መሐል ኤስተር ዱፍሎ፣ ፓስካሊን ዱፓስና ማይክል ክሬመር ይገኙበታል። ዱፍሎና ክሬመር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎች ሁለቱ ናቸው።

የጥናቱ ዘዴ ቀላል ነው፤ ዕጣ ነው። በዕጣ ለደረሳቸው ትምህርት ቤቶች መምህራን በመንግሥት ሥርዓተ ትምህርት መሠረት የኤች አይ ቪ ትምህርት ማስተማሪያ ሥልጠና ተሰጣቸው። የትምህርቱ ዋና መልእክት እስከ ጋብቻ መታቀብ ነበር። በሌላ ዕጣ ለወጡ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች የደንብ ልብስ በነፃ ታደለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ በዕጣ በተመረጡ 71 ትምህርት ቤቶች ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ የአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ተሰጠ። አጭር ፊልም ታየ፣ ውይይት ተደረገ፣ ከዚያም ቫይረሱ በየትኛው ዕድሜና ፆታ ላይ ምን ያህል እንደተሰራጨ የሚያሳይ ቁጥር ለልጆቹ ቀረበ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቁጥሩ ለምን አስፈለገ? እዚያው አካባቢ፣ በኪሱሙ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 እና 98 የተደረገ ሌላ ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴቶች 23 በመቶው፣ በዚያው ዕድሜ ካሉት ወንዶች ግን 3.5 በመቶው ብቻ ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ አሳይቶ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ልጃገረዶቹ ቫይረሱን ያገኙት ከማን ነው? አብሯቸው ከሚማረው ልጅ ነው ለማለት ቁጥሩ አይፈቅድም። ስጋቱ ያለው ሞባይል የሚገዛው፣ መኪና ላይ የሚያሳፍረው፣ «ሹገር ዳዲ» የምንለው ጎልማሳ ዘንድ ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎች ግን ይህን አያውቁም ነበር። እንዲያውም ትልቅ ሰው ረጋ ያለና አስተማማኝ ነው ብለው የሚያስቡ አይጠፉም። እኛስ ሰፈር?

ውጤቱን የለኩበት መንገድ ደስ ይለኛል። ልጆቹን «ታቅባችኋል ወይ?» ብለው ብቻ አላለፉም፤ እንዲህ ሲባል ማን እውነቱን ይናገራል? ከዓመት በኋላ ስንቶቹ ሴቶች ልጆች እንደወለዱ ወይም እንዳረገዙ ቆጠሩ። እርግዝና ካለ ያለኮንዶም የተደረገ ግንኙነት አለና። የአርባ ደቂቃው ትምህርት በተሰጠባቸው ትምህርት ቤቶች እርግዝናው ካልተሰጠባቸው ጋር ሲነጻጸር በ28 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የቀነሰው በተለይ በዕድሜ ከሚበልጡ ወንዶች የሚመጣው ነው፤ ከእኩዮች የሚመጣው ደግሞ በምትኩ አልጨመረም። የደንብ ልብሱም ሠርቷል፦ ከትምህርት ማቋረጥንና እርግዝናን ቀንሷል። የመምህራኑ ሥልጠናስ? መምህራኑ በክፍል ውስጥ ስለ ኤች አይ ቪ ማውራታቸው ጨምሯል። የልጃገረዶቹ እርግዝና ግን አልቀነሰም።

የግኝት ፈተና እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። ሥልጠና ቢሮዎች የሚወዱት ሥራ ነው። ሪፖርት ላይ «ይህን ያህል መምህራን ሠለጠኑ» ተብሎ ይጻፋል፤ አበልም አለው፣ ፎቶም አለው። አርባ ደቂቃ ትምህርትና አንድ ሠንጠረዥ ግን ምን ፎቶ ይወጣዋል? ከዚህም በላይ የሚያስፈራ ነገር አለ። «ትልቅ ሰው ይበልጥ አደገኛ ነው» ማለት «ከእኩያችሁ ጋር ይቻላል» ተብሎ እንዳይተረጎም የሚሰጉ ወላጆችና የሃይማኖት አባቶች አሉ። ስጋቱ መናቅ የለበትም። ግን ስጋት ለመሆኑና እውነት ለመሆኑ መልስ የሚሰጠው ቆጠራው ነው፤ ከላይ እንዳልኩት ከእኩዮች የሚመጣው እርግዝና አልጨመረም።

ይህን ትምህርት በኋላ ቦትስዋና ውስጥ ያሉ ወጣቶች አነሱት። ኬንያ ላይ ስለሠራ ብቻ ገልብጠው አልጀመሩትም፤ ከመንግሥት ጋር ሆነው እንደገና ፈተሹት። የገረመኝ ያገኙት ነገር ነው፦ ትምህርቱን ከተማሪዎቹ ትንሽ ብቻ ከፍ የሚሉ ወጣቶች ሲሰጡት እርግዝና ቀነሰ፤ መምህራን ሲሰጡት ግን ለውጥ አልታየም። የአቻ ለአቻ ውይይት የምትመሩ ልጆች ይህችን አንቀጽ ለርዕሰ መምህራችሁ አሳዩልኝ።

ፍርድ ቤት የደረሰው ክኒን

ሁለተኛው ታሪክ ከደቡብ አፍሪካ ነው፤ ሲነበብ ያማል። እ.ኤ.አ. በ1999 ኡጋንዳ ውስጥ የተደረገ ጥናት ውጤት ወጣ። ቫይረሱ በደሟ ያለባት እናት ምጥ ሲጀምራት አንድ የኔቪራፒን ክኒን ብትወስድ፣ ሕፃኑም በተወለደ በ72 ሰዓት ውስጥ ጥቂት ሽሮፕ ቢሰጠው፣ ከሌላው መድኃኒት አጭር ኮርስ ጋር ሲነጻጸር የቫይረሱን መተላለፍ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በሚቀጥለው ዓመት የመድኃኒቱ አምራች ለታዳጊ አገሮች ለአምስት ዓመት በነፃ እሰጣለሁ አለ።

የወቅቱ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ግን መድኃኒቱ በየክፍለ ሀገሩ በሁለት፣ በጠቅላላው በ18 የሙከራ ጣቢያዎች ብቻ እንዲሰጥ ወሰነ። ከዚያ ውጭ ያሉ የመንግሥት ሆስፒታል ሐኪሞች ማዘዝ አይችሉም። ምክንያቱ «ገና እየተጠና ነው» የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ «ገና እየተጠና ነው» አንዳንዴ እውነተኛ ጥንቃቄ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ በትህትና የተነገረ እምቢታ ነው። በሐምሌ 2000 እ.ኤ.አ. በደርባን በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ ላይ ንኮሲ ጆንሰን የተባለ የ11 ዓመት ልጅ ከመድረክ ላይ ቆሞ መንግሥት ለነፍሰ ጡር እናቶች መድኃኒት እንዲሰጥ ጠየቀ። ራሱ ቫይረሱ ሲወለድ የተላለፈበት ልጅ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ12 ዓመቱ አረፈ።

ለውጡን ያመጣው ተጨማሪ ጥናት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1998 የተመሠረተው «ትሪትመንት አክሽን ካምፔይን» የተባለው ንቅናቄ የጥናቱን ውጤት በሳይንስ መጽሔት ውስጥ አልተወውም። ለእናቶቹ በራሳቸው ቋንቋ አስተማራቸው፤ መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራ። ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት የለበሱ ሰዎች ሰልፍ ወጡ። በመጨረሻም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሐምሌ 5 ቀን 2002 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ገደቡ እንዲነሳና መድኃኒቱ ከሙከራ ጣቢያዎቹ ውጭም እንዲሰጥ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት በአገሪቱ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በወቅቱ ባለመዳረሱ ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ከ330 ሺህ በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል ብሎ ገምቷል። ሲወለዱ ቫይረሱ የተላለፈባቸው ሕፃናትን ደግሞ 35 ሺህ ያህል ብሏል።

(በነገራችን ላይ ያ ነጠላ ክኒን ዛሬ ተተክቷል። ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲላመድ ያደርግ ስለነበር የተሻለ ሕክምና መጣ። በአገራችንም ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቫይረሱ በደሟ የተገኘባት ነፍሰ ጡር ወዲያው መድኃኒት ጀምራ በዚያው እንድትቀጥል ተደርጓል። ግኝት በግኝት ይሻራል፤ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።)

ሁለት ቁጥር የያዘ አገር

ወደ ቤታችን እንምጣ። በኢትዮጵያ የስርጭት መጠኑ ይገመት የነበረው በተመረጡ ጤና ጣቢያዎች ለእርግዝና ክትትል ከሚመጡ እናቶች ደም ነበር። በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2005 አገር አቀፍ ስርጭቱ 3.5 በመቶ ነው ተባለ። በዚያው ዓመት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ቤት ለቤት ዞሮ ደም ወስዶ 1.4 በመቶ አለ። አንዱ የሌላውን እጥፍ ይበልጣል! የቱን እንመን?

እንደ አቅሜ ላስረዳችሁ። ጤና ጣቢያዎቹ በአብዛኛው የሚገኙት በከተማና በመኪና መንገድ ዳር ነው፤ ቫይረሱም በብዛት ያለው እዚያው ነው። ስለዚህ ከዚያ የተገኘው ቁጥር ለሩቁ ገጠር ሲተረጎም ይጋነናል። ቤት ለቤቱም እንከን አያጣውም፤ ደም አልሰጥም የሚል አለ፣ ቤት የማይገኝ አለ። ሁለቱን መረጃ አስታርቆ አንድ ግምት የሚያወጣ ሥራ ተሠራና እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱ 2.1 በመቶ ሆነ። ከዚህ ቁጥር ይልቅ ዓይን የሚስበው ውስጡ ነው፦ ከተማ 7.7፣ ገጠር 0.9 በመቶ። ለሁሉም ቦታ እኩል ፖስተር መለጠፍ ትርጉም እንደሌለው የሚናገር ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም ስርጭቱ 0.9 በመቶ መሆኑን ሲያሳይ ከተማው 2.9፣ ገጠሩ 0.4 ነበር። ሴቶች ደግሞ 1.2፣ ወንዶች 0.6። የኪሱሙን ነገር አስታወሳችሁ?

እውነቱን ለመናገር ያኔ ቁጥሩ ሲወርድ ደስ ያላላቸው ነበሩ። «ቁጥሩ ካነሰ እርዳታው ይቀንሳል» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግኝት ውሳኔ እንዳይሆን ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ አንዳንዱ እውነት ዋጋ ያስከፍላል።

አንዳንዴ ደግሞ ግኝቱ ጠንካራ ሆኖ ሰው መቀበሉ ያዳግታል። የወንዶች ግርዛት ወንዱን ከቫይረሱ እንደሚከላከል ጥርጣሬው ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነበር። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉት ሦስት ሙከራዎች በ2005 እና በ2006 እ.ኤ.አ. አደጋውን ከግማሽ በላይ ወይም ወደ ግማሽ እንደሚቀንስ ሲያሳዩ የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2007 እ.ኤ.አ. ምክረ ሐሳቡን አወጣ። ይህ ፈጣን ነው። ግን ሉኦዎች ዘንድ ግርዛት ባህል አይደለም። የሉኦ ሽማግሌዎች ሳይነጋገሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራይላ ኦዲንጋ በአደባባይ ሳይደግፉት ቢሆን ኖሮ ኪሱሙ ላይ ማን ይሰለፍ ነበር? በእኛም አገር ሥራው ያተኮረው ግርዛት ባልተለመደበት በጋምቤላ ነው፤ ሌላው ዘንድ ቀድሞም ያለ ነገር ነውና።

እንደገና ወደ በሩ

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ቀስ በቀስ ነው። ያኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተናድጃለሁ። ከክበቡ ልጆች ጋር ተቀመጥንና ራሳችንን ጠየቅን፦ የምርመራ ክፍሉን ሰዓት የሚወስነው ማነው? ማናችንም አናውቅም ነበር። አስቡት፣ ያን ያህል ስንዞር ግኝቱን የምንሰጠው ሰው ማን እንደሆነ አልጠየቅንም። ተጠይቆ ሲታወቅ የማዕከሉ አስተባባሪና የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ነበሩ። በሆቴሉ አዳራሽ ሁለቱም አልተጠሩም።

ከዚያ ወፍራሙን ሪፖርት በአንድ ገጽ አማርኛ ጻፍነው። ሦስት ቀን ፈጀ፤ ማሳጠር ከማስረዘም ይከብዳል። ሠንጠረዥ የለውም። የልጅቷን ቃል፣ ስሟን ሳንጠቅስ፣ ከላይ አደረግነው። ከስሩ ሁለት ጥያቄ ብቻ አስፈርን፦ ቅዳሜ ጠዋት ለሴቶች ብቻ ይሁን፣ በሩ ከኋላ በኩል ይከፈት። መቼ እንደምናቀርበውም አሰብንበት። በጀት ከጸደቀ በኋላ የመጣ ሐሳብ «ለከርሞ» ይባላል፤ እኛ የዓመቱ ዕቅድ ሳይዘጋ በሚያዝያ ሄድን።

ሲስተር አነበበችው። ዝም ብላ ቆየችና «ልጆች፣ ይህን ከዓመት በፊት ለምን አልነገራችሁኝም?» አለችን። መልስ አልነበረንም። ቅዳሜ ጠዋቱ ሳንቲም ስለማይጠይቅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተጀመረ። ሴቶቹ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሆነው፣ ተያይዘው መጡ። ፑል መጫወቻው ጠዋት ዝግ ነው። ያቺ ተማሪ ከመጡት መሐል ትኑር አትኑር አልጠየቅኩም፤ መጠየቅም አልነበረብኝም።

በሩን በተመለከተ ኃላፊው ግድግዳ ለማፍረስ የግንባታ በጀት እንደሚያስፈልግ፣ ለዚያ ደግሞ ጥናት መቅረብ እንዳለበት ነገሩን። «ጥናቱ አለ ጋሼ» አልኳቸው፣ ወደ ኮምፒውተሩ እያየሁ። ፈገግ አሉ፤ ስክሪኑን አነሱና ሪፖርቱን አወጡልን። አቧራውን እፍ ብለው አራገፉት። ከተማዋን ለቅቄ ስወጣ በሩ ገና በፑሉ በኩል ነበር።